ኦባማኬር አልተሰረዘም

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝ አንድ አዳራሽ ጥግ ላፕቶፔን ከፍቼ እቀመጣለሁ። ቅጽ መሙላት ያስቸገረው ሰው ይመጣል። እንግሊዝኛው የሚከብደው አለ፤ ኢንተርኔቱ የማይሆንለት አለ፤ ሁለቱንም እየቻለ ደብዳቤውን ብቻውን መክፈት የፈራም አለ። ባለፈው ኖቬምበር አንዲት እናት ጥቁር ፌስታል ይዘው መጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ውስጡ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ ግማሹ እንደታሸገ ነው። የሐሞት ከረጢታቸው ድንገት አሟቸው በአምቡላንስ ተወስደው ኦፕራሲዮን ሆነዋል። ሁለት ቦታ ጽዳት ይሠራሉ፤ ሁለቱም ፓርት ታይም ስለሆነ ኢንሹራንስ የሚሰጣቸው አሠሪ የለም።

«ታዲያ ለምን ራስዎ አልተመዘገቡም?» አልኳቸው።

«የቱን? ኦባማኬርን? ትራምፕ ሰርዞት የለም እንዴ ልጄ!»

እኚህ እናት ዜና ይሰማሉ። ሥራ ሲሄዱም ሲመለሱም ሬዲዮና ዩቲዩብ ከጆሯቸው አይለይም። የተሳሳቱትም ከዚያው ከዜናው ነው። ይህ የጤና ኢንሹራንስ ሕግ ከተፈረመበት ከማርች 23 ቀን 2010 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ወደ ቤታችን የገባው ሊያፈርሱት የተነሡት ሰዎች ድምፅ ነው። ሕጉ ራሱ ሥራውን ሲሠራ ድምፅ የለውም። ለ15 ዓመታት የተካሄደው ተቃውሞ ሕጉን ሊያፈርሰው አልቻለም፤ ወሬውን ግን በየቤቱ ጥሎ አልፏል። በየእሑዱ ከዚያ ጠረጴዛ ጀርባ የማየው የወሬውን ሒሳብ የሚከፍሉ ሰዎችን ነው።

«ተሰርዟል»

ሕጉ ተወካዮች ምክር ቤት ውስጥ ያለፈው በ219 ድምፅ ለ212 ነው። ከሪፐብሊካኖቹ አንድም የደገፈ አልነበረም። በዚያው ዓመት ምርጫ ምክር ቤቱን አሸንፈው ያዙ፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሕጉን በሙሉ ወይም በከፊል ለመሻር ከ50 ጊዜ በላይ ድምፅ ሰጡ። አብዛኛው ሴኔት ደጃፍ ላይ ቀረ። አንዱ አልፎ ኦባማ ጠረጴዛ ድረስ ደረሰና ጃንዋሪ 2016 ላይ አልፈርምም ብለው መለሱት። እያንዳንዱ ድምፅ ግን በየጊዜው ዜና ነበር፤ «ምክር ቤቱ ኦባማኬርን ሻረ» የሚል ርዕስ 50 ጊዜ የሰማ ሰው አንዱን ጊዜ ቢያምን አይፈረድበትም።

ግራ መጋባቱ የከፋው በ2017 ነው። ሜይ 4 ቀን ተወካዮች ምክር ቤት የመሻሪያውን ረቂቅ በ217 ለ213 አሳለፈ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ አባላቱን ዋይት ሀውስ ግቢ ሰብስበው ደስታቸውን ሲገልጹ በቴሌቪዥን ታየ። የእኛ ሰው ዓይን ውስጥ የቀረው ያ ምስል ነው። ጁላይ 28 ቀን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ሴኔት ውስጥ የሆነውን ግን አብዛኛው ተኝቶ አላየውም። ሪፐብሊካኑ ሴናተር ጆን ማኬይን የጭንቅላት ካንሰር እንዳለባቸው ለሕዝብ ከተነገረ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላም ነበር። ወደ ጸሐፊዎቹ ጠረጴዛ ቀረቡ፤ እጃቸውን ዘረጉ፤ ጥቂት ቆዩና አውራ ጣታቸውን ወደ ታች አደረጉ። ሪፐብሊካኖቹ ሱዛን ኮሊንስና ሊሳ መርካውስኪም እምቢ ብለው ነበር። ውጤቱ 49 ለ51 ሆነ፤ መሻሪያውም ወደቀ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ሦስት ጊዜ አይቶታል። በ2012 በ5 ለ4፣ በ2015 በ6 ለ3 አጸናው። በ2021 ደግሞ ከሳሾቹ ለመክሰስ የሚያበቃ ጉዳት አልደረሰባችሁም ብሎ በ7 ለ2 መለሳቸው። መንግሥትም በዚሁ ሕግ ጉዳይ ሁለት ጊዜ ተዘግቷል። በኦክቶበር 2013 ሪፐብሊካኖቹ ለሕጉ ገንዘብ አይሰጥም ስላሉ ለ16 ቀናት ተዘጋ። በ2025 ደግሞ ዴሞክራቶቹ በ2021 በሕጉ ላይ የተጨመረው ድጎማ ይራዘም ስላሉ ለ43 ቀናት ተዘጋ፤ እስከዚያ ድረስ በአሜሪካ ታሪክ ያን ያህል የረዘመ መዘጋት አልነበረም። መጀመሪያ ሕጉን ለማስቆም፣ ከ12 ዓመት በኋላ ሕጉን ለማስፋት። አንድ ነገር ሰው ቤት ከገባ በኋላ ክርክሩ ምን ያህል ቦታ እንደሚለዋወጥ ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላውቅም።

«እኔ ያለኝ ኦባማኬር አይደለም»

በ2017 የተደረገ አንድ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ከሦስት አሜሪካውያን አንዱ ያህል «ኦባማኬር»ና «አፎርደብል ኬር አክት» አንድ ሕግ መሆናቸውን እንደማያውቅ አሳይቷል። ይህ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው የሆነው ሕዝብ ነው። ስሙን ተቃዋሚዎቹ ናቸው ለስድብ ያናኙት፤ ኦባማ ኋላ ተቀበሉትና መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ኬንታኪ ውስጥ ገዥው ስቲቭ ቢሺር መመዝገቢያውን «ካይኔክት» ብለው በሌላ ስም ከፈቱት፤ ሕዝቡም ኦባማኬርን እየጠላ ካይኔክትን ወደደው።

በእኛም ዘንድ ያው ነው። አንዱን ወንድም ኦባማኬር አለህ ወይ ብለው «ኧረ በጭራሽ! እኔ የያዝኩት ኬይዘር ነው» አለኝ። የተመዘገበው ግን በሜሪላንድ ሄልዝ ኮኔክሽን በኩል ነው፤ ከወርሃዊ ክፍያውም ከግማሽ በላዩን ድጎማው ይከፍልለታል። ኦባማኬር የሚባል ካርድ የሚያወጣ ድርጅት የለም። ሕጉ ያቋቋመው ገበያ ነው፤ በገበያው ላይ የሚሸጡት የግል ኩባንያዎች ናቸው። ሜሪላንድ፣ ዲሲና ቨርጂኒያ ለየራሳቸው ገበያ አላቸው፤ ቴክሳስ ያለ ሰው የሚገባው በፌዴራሉ ድረ ገጽ ነው። ስለዚህ «መንግሥት የሚያድለው ኢንሹራንስ ነው» የሚለውም ስሕተት ነው። የመንግሥት የሚባለው ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው ሜዲኬይድ ነው፤ ሕጉ እሱን አሰፋው እንጂ አልፈጠረውም።

ሕጉ በግል ኩባንያዎቹ ላይ የጣለው ግዴታ ግን ከባድ ነው። ከ2014 በፊት ራሱ ኢንሹራንስ ለመግዛት የሄደ ሰው ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለበት በአብዛኞቹ ስቴቶች ኩባንያው አልሸጥልህም ሊለው ይችል ነበር። እርጉዝ ሴትም እንደ በሽተኛ ተቆጥራ ትመለስ ነበር። ዛሬ ይህ ክልክል ነው። ልጅ 26 ዓመት እስኪሞላው በወላጆቹ ኢንሹራንስ ይቆያል። አሠሪው ኢንሹራንስ የሚሰጠው ሰው እንኳ ከዚህ ሕግ ይጠቀማል፤ ኮሌጅ የጨረሰች ልጁን በራሱ ኢንሹራንስ ያቆየ አባት ሁሉ ኦባማኬር ይዟል ማለት ነው።

ከኢንሹራንስ የሚመጣውን ደብዳቤ ገልብጡት። ብዙውን ጊዜ ከኋላ በትንንሽ ፊደል በብዙ ቋንቋ የተጻፈ ገጽ አለው፤ አማርኛ የሚናገሩ ከሆነ አስተርጓሚ በነጻ ያገኛሉ የሚል መስመርም እዚያ መካከል አለ። ያ መስመር የመጣው ከዚሁ ሕግ ነው። በ2016 የወጣ ደንብ በየስቴቱ ብዙ ተናጋሪ ባላቸው 15 ቋንቋዎች እንዲጻፍ አስገደደ፤ በ2020 ግዴታው ተነሣ፤ በ2024 እንደገና ተመለሰ። ከእኛ ስንቱ ነው ያንን ገጽ ሳያነብ ከፖስታው ጋር የሚጥለው? የአማርኛ መስመሩ ተነሥቶ ተመልሷል፤ መነሣቱንም መመለሱንም ያየ የለም።

«ሽማግሌ እንዲሞት ይፈርዳል»

በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ኦገስት 2009 ሪፐብሊካኗ ፖለቲከኛ ሳራ ፔሊን ፌስቡክ ላይ ስለ «ሞት ሸንጎ» ጻፉ፤ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች መታከም ይገባቸዋል ወይስ አይገባቸውም ብለው የመንግሥት ሠራተኞች ይፈርዳሉ የሚል ነበር። ረቂቁ ውስጥ የነበረው ግን ሌላ ነው፤ አንድ አዛውንት በሕይወታቸው መጨረሻ ምን ዓይነት ሕክምና እንደሚፈልጉ ከሐኪማቸው ጋር ቢነጋገሩ፣ ያም በፈቃዳቸው፣ የአረጋውያኑ ኢንሹራንስ ሜዲኬር ለሐኪሙ ይክፈለው የሚል ነበር። ወሬው ስላየለ አንቀጹ ወጣ። ከ2016 ጀምሮ ሜዲኬር በተራ ደንብ ያንኑ መክፈል ጀመረ፤ የጮኸ አልነበረም።

«ቅጣቱ ስለቀረ ሕጉም ቀርቷል»

እድር የሚያውቅ ሰው ይህን የሕጉን ክፍል ለመረዳት ኢኮኖሚስት አያስፈልገውም። እድርተኛው ለቅሶ ሳይኖር በየወሩ ይከፍላል። ሁሉም ሰው የሚገባው ሰው የሞተበት ዕለት ቢሆን ኖሮ ድንኳኑም ሳህኑም ባልኖረ። ኢንሹራንስ ኩባንያ በሽተኛን አትመልስ ከተባለ ጤነኛውም መግባት አለበት፤ አለዚያ ሰው ሁሉ ሲታመም ብቻ ይመዘገባል። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው በታክሱ ላይ ቅጣት እንዲከፍል የተደነገገው ለዚህ ነው። ከሕጉ ሁሉ ይበልጥ የተጠላውም ይኸው ቅጣት ነበር፤ ጥላቻውም ይገባኛል፣ ኪራይ ከፍሎ ለወንድሙ ብር የሚልክ ታክሲ ነጂ ላይ ቅጣት መጨመር ቀላል ነገር አይደለም። ዲሴምበር 2017 የጸደቀው የታክስ ሕግ ከ2019 ጀምሮ ቅጣቱን ዜሮ አደረገው።

ዜሮ የሆነው የፌዴራሉ ነው። ዲሲ ውስጥ የሚኖር ሰው አሁንም በዲሲው ታክስ ይጠየቃል። ካሊፎርኒያ፣ ማሳቹሴትስ፣ ኒው ጀርሲና ሮድ አይላንድም የየራሳቸው ቅጣት አላቸው። «ቀርቷል» ሲባል ሰምቶ ኢንሹራንሱን ያቋረጠ የዲሲ ነዋሪ በታክስ ወቅት ሲደነግጥ አይቻለሁ።

እዚህ ላይ ለሕጉ ደጋፊዎችም የማልሸፍነው ነገር አለ። ቅጣቱ ከተነሣ ገበያው ይፈርሳል ብለው ነበር፤ እኔም አምኜ ለሰው አውርቻለሁ። አልፈረሰም። ድጎማው ሰውን ይዞት ቆየ፤ ከ2021 ጀምሮ ድጎማው ሲጨምር ደግሞ የተመዝጋቢው ቁጥር በ2025 ከ24 ሚሊዮን አለፈ። ኦባማም «የያዛችሁትን ኢንሹራንስ ከወደዳችሁት ትይዙታላችሁ» ብለው ደጋግመው ቃል ገብተው ነበር። በ2013 መጨረሻ ግን ውላችሁ ተቋርጧል የሚል ደብዳቤ ለሚሊዮኖች ደረሰ፤ ኦባማም ይቅርታ ጠየቁ። ገቢው ከድጎማ ጣሪያ ትንሽ በልጦ ሙሉውን ዋጋ ከኪሱ የሚከፍል ባለ ሊሞዚን ሕጉን ቢያማርር ምሬቱ የእውነት ነው። ተቃዋሚውን ሁሉ ውሸታም ያለ ሰው ይህን ሰው አላየውም።

«ወረቀት የሌላቸው የሚበሉት ነው»

ሴፕቴምበር 9 ቀን 2009 ኦባማ በኮንግረስ ፊት ሲናገሩ ሕጉ ወረቀት የሌላቸውን ስደተኞች አይሸፍንም አሉ። ጆ ዊልሰን የተባሉ የሳውዝ ካሮላይና ተወካይ ከመቀመጫቸው «ትዋሻለህ!» ብለው ጮኹባቸው። የጸደቀው ሕግ እንኳን ድጎማ ሊሰጣቸው፣ ወረቀት የሌለው ሰው በራሱ ገንዘብ ሙሉውን ዋጋ ከፍሎ እንኳ ከገበያው እንዳይገዛ ይከለክላል።

ወሬው ግን አልሞተም። በየምርጫው ሲነሣ ቆይቶ ጁላይ 4 ቀን 2025 በተፈረመው ትልቁ የበጀት ሕግ ውስጥ ገባ። የተመቱት ደግሞ በሕጋዊ መንገድ የመጡት ናቸው። እኔን የሚያስቆጣኝ ይህ ነው፤ ለዓመታት ስለሌለ ነገር ተጮኸ፣ ዱላው ያረፈው ግን ዲቪ ደርሶት፣ ወረቀቱን አሟልቶ፣ በዋሺንግተን ደለስ ኤርፖርት በወጣው ሰው ላይ ነው። ግሪን ካርድ ያለው አዋቂ ለሜዲኬይድ በአብዛኛው አምስት ዓመት መጠበቅ አለበት። እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ ገቢው ከድህነት መስመር በታች የሆነ አዲስ መጪ በእነዚያ አምስት ዓመታት በገበያው ድጎማ ያገኝ ነበር፤ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ያ በር ተዘጋ። ከኦክቶበር 2026 ጀምሮ ደግሞ በሪፊውጂነት የመጡና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎች ከፌዴራሉ ሜዲኬይድ ይወጣሉ፤ ከ2027 ጀምሮ እነሱም፣ ጊዜያዊ ጥበቃ (ቲፒኤስ) ያላቸውም በገበያው ላይ ድጎማ አያገኙም። ግሪን ካርድ ያለው ግን ገቢው ከድህነት መስመር በላይ እስከሆነ ድረስ ድጎማው አልተነካበትም። ለልጆችና ለእርጉዞች ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን ጨምሮ ብዙ ስቴቶች የአምስቱን ዓመት ጥበቃ አንሥተዋል። ይህን ልዩነት ሳይለይ «ስደተኛ ከአሁን ወዲያ ምንም የለውም» እያለ የሚያወራ ሰው እርጉዝ እህታችንን ከክትትል ያስቀራታል።

ሌላው ፍርሃት ፐብሊክ ቻርጅ የሚሉት ነው፤ የመንግሥት እርዳታ የወሰደ ግሪን ካርድ ይከለከላል የሚለው። በ2019 የወጣው ጠንካራ ደንብ እንኳ የገበያውን ድጎማ አልቆጠረም። ያ ደንብ በ2021 ቀርቷል፤ መንግሥት ደንቡን ዳግም ለመለወጥ በኖቬምበር 2025 ሐሳብ አቅርቧል፤ ስለዚህ ገና ግሪን ካርድ የሚጠይቅ ሰው ሜዲኬይድ ከመሙላቱ በፊት የስደተኞች ጉዳይ ጠበቃ ቢያነጋግር መልካም ነው። ዜግነት የሚጠይቅ ሰው ግን በዚህ አይመዘንም። ጥገኝነት ያገኘም እንደዚሁ። አንድ አባት ዜግነት እስኪያገኙ ድረስ ብለው የስኳር መድኃኒታቸውን ለሁለት ዓመት ከኢትዮጵያ በሰው እያስመጡ ሲወስዱ ነበር። የፈሩት ነገር ለእሳቸው አልነበረም።

በቴክሳስና በጆርጂያ ደግሞ በሩ ዜጋውም ላይ ሊዘጋ ይችላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 ሕጉን ሲያጸናው ሜዲኬይድን ማስፋት ለስቴቶቹ ፈቃድ ተወ። 40 ስቴቶችና ዲሲ አሰፉ፤ ቨርጂኒያ እንኳ ከብዙ ክርክር በኋላ ከ2019 ጀምሮ ገባችበት። ቴክሳስ እምቢ እንዳለች ነው፤ ጆርጂያም ሙሉውን አልተቀበለችም። ዳላስ የሚኖር፣ ልጅ የሌለው፣ ገቢው ከድህነት መስመር በታች የሆነ ዜጋ ለሜዲኬይድ አይበቃም፤ ድጎማውም ከድህነት መስመር በላይ ላለ ሰው ብቻ ስለሆነ እሱንም አያገኝም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ወንድሙ በዚያው ገቢ ሙሉ ሕክምና አለው። የዳላሱ ሰው «ኦባማኬር ለድሃ አይሆንም» ቢል የራሱን ኑሮ ነው የሚናገረው፤ በሩን የዘጋበት ግን ስቴቱ ነው።

«ድጎማው ስላለቀ መመዝገብ ዋጋ የለውም»

በአሁኑ ሰዓት ብዙ ሰው የሚለኝ ይህን ነው። ያለቀው በ2021 የተጨመረው ነው፤ በ2025 መጨረሻ አብቅቷል። የመጀመሪያው የ2010 ድጎማ በቦታው አለ። ለ2026 ጣሪያው ለአንድ ሰው 62,600 ዶላር፣ ለአራት ቤተሰብ 128,600 ዶላር ነው። ከዚያ በታች ያለ ሰው ክፍያው ቢጨምርበትም ድጎማ ሊያገኝ ይችላል፤ ከዚያ አንድ ዶላር ያለፈ ሰው ግን ሙሉውን ይከፍላል። ኡበር ለሚነዱ ወንድሞቼ ደግሜ የምነግረው ሌላ ነገር አለ። እስከ 2025 ድረስ ገቢህን አሳንሰህ ገምተህ ድጎማ ቢበዛብህ በታክስ ወቅት የምትመልሰው ገደብ ነበረው። ከ2026 ገቢ ጀምሮ ገደቡ ተነሥቷል፤ የበዛው በሙሉ ይመለሳል። በዓመቱ መካከል ሥራ ከጨመርክ ያኔውኑ ደውለህ አስለውጥ።

ወደ ፌስታሉ ልመለስ። ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ ከፍተን በቀን በቀናቸው ደረደርናቸው። እናቲቱ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ እጄን ብቻ ያያሉ። የሆስፒታሉ ሒሳብ ሁለት ጊዜ መጥቷል፤ ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ነው። ከመጀመሪያው ሒሳብ ጋር የተያያዘ አንድ ወረቀት ግን ማንም አልነካውም ነበር። የእርዳታ ማመልከቻ ነው። ለትርፍ ያልቆመ ሆስፒታል አቅም ለሌለው በሽተኛ በጽሑፍ የወጣ የእርዳታ መመሪያ እንዲኖረው፣ ማመልከቻውንም ከመጀመሪያው ሒሳብ አንሥቶ ለ240 ቀናት እንዲቀበል የሚያስገድደው ይኸው ተሰርዟል የተባለው ሕግ ነው።

ፖስታው ላይ ያለውን ቀን አይቼ በስልኬ ቆጠርኩ። 203 ቀን ሆኖታል። «ስንት ቀረን?» አሉ። 37 አልኳቸው። የሁለቱን ሥራ የደመወዝ ወረቀት እንዲያመጡ ነግሬያቸው የመጀመሪያውን መስመር፣ ስማቸውን፣ መሙላት ጀመርን።